ቁጥሩ ወርዷል፤ ዕጢውስ?



የፕሮስቴት ካንሰር ላለበት ሰው የሆርሞን ሕክምና ሲጀመርለት ከቤተሰቡ አንዱ ሁልጊዜ የሚያነሣው ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ የአባባ ፒኤስኤ ከ80 ወደ 1 ወረደ፤ ታዲያ ዳኑ ማለት ነው?» ይህን ጥያቄ በአንድ ቃል «አዎ» ወይም «አይደለም» ብሎ የሚመልስ ሐኪም ካጋጠማችሁ ጥቂት ተጠራጠሩት። ቁጥሩ መውረዱ መልካም ዜና ነው። ነገር ግን ቁጥሩን ያወረደው ማን ነው? ዕጢው ሞቶ ነው ወይስ ዝም እንዲል ተደርጎ?

ዛሬ የምነግራችሁ ሕዋሱ ምን እንደሚበላና ምን እንደሚያወጣ ስለሚያሳዩ ምስሎች ነው። በሕክምናው ቋንቋ የሜታቦሊዝም ምስል ይባላሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ሐሳብ እንድትከታተሉልኝ እፈልጋለሁ። የሆርሞን ሕክምና ዕጢውን ይነካል፤ ዕጢውን የምንለካባቸውንም ነገሮች ይነካል። ሐኪሙም ቤተሰቡም በአብዛኛው የሚሳሳቱት ሁለተኛውን ሲዘነጉ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ነገሩ ከ1941 ይጀምራል። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ቻርልስ ሀጊንስ የሚባል ቀዶ ሐኪም ነበር። በውሾች ላይ ሲመራመር ፕሮስቴት ፈሳሹን የሚያመነጨው በወንዴ ሆርሞን መሆኑን፣ ሆርሞኑ ሲቋረጥም ፕሮስቴቱ ራሱ እንደሚኮማተር አየ። ከዚያም ከክላረንስ ሆጅስ ጋር ሆኖ ካንሰሩ አጥንታቸው ውስጥ የገባባቸውን ወንዶች ማከም ጀመረ፤ የአንዳንዶቹን የዘር ፍሬ አወጣ፣ ለሌሎቹ የሴት ሆርሞን ሰጠ። በሥቃይ ተኝተው የነበሩ ሰዎች ሕመማቸው ቀለለላቸው። ለዚህ ሥራው በ1966 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ 25 ዓመት ቆይቶ መሆኑ ነው።

እኔን ከዚህ ታሪክ የሚማርከኝ ሌላው ገጽታው ነው። ሀጊንስ በሽተኛው ተሻለኝ ማለቱ ብቻ አልበቃውም። ከዚያ 3 ዓመት ቀደም ብሎ በኒውዮርክ ጉትማን የሚባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች፣ ካንሰሩ የተሰራጨባቸው ወንዶች ደም ውስጥ አሲድ ፎስፋቴዝ የሚባል ኢንዛይም ከፍ እንደሚል አሳይተው ነበር። ሀጊንስ ያንን ኢንዛይም ከሕክምናው በፊትና በኋላ እየለካ በወረቀት ላይ መስመር አሰመረ። የሆርሞን ሕክምና እንግዲህ ከመለኪያው ጋር አብሮ ነው የተወለደው። ችግሩም አብሮ ተወልዷል፤ ያ ኢንዛይም ራሱ የሚመረተው በወንዴ ሆርሞን ትእዛዝ ነውና።

ዛሬ ቀዶ ሕክምናውን በመርፌ የተኩ ብዙዎች ናቸው። በ1971 የአንድሩ ሻሊ ቡድን፣ ከአንጎል ሥር ወጥቶ ፒቱታሪ የተባለውን የሆርሞን አመንጪ አካል የሚያዘውን ሆርሞን አወቃቀር ከአሳማ አንጎል አውጥቶ ፈታ፤ ሻሊም በ1977 የኖቤል ተሸላሚ ሆነ። በየወሩ ወይም በየ3 ወሩ የሚወጉት መርፌዎች የዚያ ሆርሞን አምሳያዎች ናቸው። እነዚህ መርፌዎች አንድ ጠባይ አላቸው፤ ፒቱታሪን የሚያደክሙት አስቀድመው በማነሣሣት ስለሆነ ቴስቶስትሮን፣ ማለትም ዋናው የወንዴ ሆርሞን፣ ለመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሳምንታት ከፍ ይላል። አከርካሪው ውስጥ ዕጢ ላለበት ሰው ይህ አደገኛ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ እንደ ባይካሉታማይድ ያለ የሚከላከል እንክብል አስቀድሞ ይሰጣል። በዚያ ሳምንት የተነሣ ምስል ወይም የተቀዳ ደም ምን ሊያሳይ እንደሚችል መገመት አያቅታችሁም። በ3 ወይም በ4 ሳምንት ውስጥ ግን ቴስቶስትሮን ከ50 ናኖግራም በዴሲሊትር በታች ይወርዳል፤ የዘር ፍሬው የወጣለት ሰው ደረጃ ላይ ደረሰ የምንለው ያኔ ነው። በዚህ ላይ የሚደመሩት እንደ አቢራቴሮንና ኤንዛሉታማይድ ያሉ እንክብሎች ከ2011 ወዲህ የመጡ ናቸው።

አሁን ወደ ፒኤስኤ። ፒኤስኤ ለካንሰር ተብሎ የተፈጠረ ነገር አይደለም፤ የወንድ ዘር ፈሳሽን የሚያቀጥን፣ ጤነኛ ፕሮስቴትም የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የፒኤስኤን ምርመራ በ1986 ሲፈቅድ የፈቀደው ለበሽታ ፍለጋ አልነበረም፤ ቀድሞ የታወቀን ካንሰር ለመከታተል ነበር። በዚህ ረገድ ታማኝ አገልጋይ ነው። በ2006 የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት፣ ካንሰራቸው ተሰራጭቶ የሆርሞን ሕክምና የጀመሩ ወንዶችን ከ7 ወር በኋላ ለካ። ፒኤስኤያቸው 0.2 ወይም ከዚያ በታች የደረሰላቸው ሰዎች ከዚያ በኋላ የኖሩበት መካከለኛ ጊዜ 75 ወር ሆነ፤ ከ0.2 በላይ ሆኖ ከ4 ያልበለጠባቸው 44 ወር፤ ከ4 በላይ የቀረባቸው ደግሞ 13 ወር። በ75ና በ13 መካከል ያለው ልዩነት የሰው ሕይወት ነው። ስለዚህ ፒኤስኤን የሚንቅ ሰው ካያችሁ አትስሙት።

ነገር ግን የፒኤስኤ ጂን የሚበራውና የሚጠፋው በወንዴ ሆርሞን ተቀባይ አማካይነት ነው። ሆርሞኑን ስታጠፉ ጂኑ ይዘጋል፤ ሕዋሱ ግን በሕይወት ሊኖር ይችላል። ሕዋሱ ቢሞትም ቁጥሩ ይወርዳል፤ ዝም ቢልም ይወርዳል። ደሙ ሁለቱን ለይቶ አይነግረንም። ከዚህም የከፋ አለ። ረጅም ጊዜ በሆርሞን ሕክምና የቆዩ አንዳንድ ዕጢዎች ጠባያቸውን ይለውጣሉ፤ የነርቭ ሕዋስ ባሕርይ ወዳለው፣ ፒኤስኤ ወደማያመርት ዓይነት ይቀየራሉ። ጉበት ላይ ዕጢ እየበዛ ፒኤስኤው 0.5 ላይ የቆመበት ሰው አለ። ወረቀቱን ብቻ ያየ «በጣም ጥሩ ነው» ብሎ ይሸኘዋል።

እሺ፣ ታዲያ ዕጢውን በቀጥታ በሲቲ ስካን ብንለካስ? የፕሮስቴት ካንሰር ከሁሉ አብልጦ የሚወደው አጥንትን ነው፤ አጥንት ውስጥ ያለ ዕጢ ደግሞ በሴንቲሜትር ለመለካት አይመችም። የአጥንት ስካን አለ። እሱ ግን የሚያየው ካንሰሩን አይደለም፤ ቴክኒሺየም የተባለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የሚሰበሰበው አጥንት ራሱን በሚጠግንበት ቦታ ነው። መድኃኒቱ ሠርቶ አጥንቱ መጠገን ሲጀምር ቦታው ይበልጥ ይደምቃል። ቀድሞ ያልታዩ ነጥቦችም ብቅ ይላሉ። ሰውየው ሕመሙ ቀርቶለት፣ ፒኤስኤውም ወርዶ እያለ ሪፖርቱ ላይ «አዳዲስ ነጥቦች ታይተዋል» ተብሎ ይጻፋል። ስንት ቤተሰብ በዚያ ቃል አልቅሷል! በዚህ ምክንያት የዘርፉ ባለሙያዎች በ2008 አንድ ደንብ አወጡ፤ ሕክምና ከተጀመረ በኋላ በመጀመሪያው ስካን ቢያንስ 2 አዲስ ነጥብ ቢታይ፣ በቀጣዩ ስካን ሌላ ቢያንስ 2 ካልተጨመረበት በሽታው ብሷል አይባልም። መድኃኒቱን በችኮላ ከመጣል የሚያድን ደንብ ነው።

ወደ ሜታቦሊዝሙ የምንገባው በዚህ በር ነው። ከሩቅ ሆናችሁ አንድ መንደር ስታዩ ጣሪያው ሁሉ ቆሞ ይታያችኋል፤ የትኛው ቤት ውስጥ ሰው እንዳለ የምታውቁት ግን ጭሱን አይታችሁ ነው። የዕጢው መጠን ጣሪያው ነው፤ ሕዋሱ ከሞተ በኋላም ጠባሳው ለወራት ሊቆይ ይችላል። የምንፈልገው ጭሱን ነው።

የካንሰርን ጭስ ለማየት የመጀመሪያው ሐሳብ ስኳር ነበር። ጀርመናዊው ኦቶ ቫርቡርግ በ1920ዎቹ፣ የካንሰር ሕዋሳት ኦክስጅን በሞላበት ቦታ እንኳ ግሉኮስን በብዛት እየበሉ ወደ ላክቴት እንደሚለውጡት አሳየ። በነሐሴ 1976 ደግሞ ጨረር የሚያመነጭ ፍሎሪን የተለጠፈበት ግሉኮስ በኒውዮርክ ከሚገኘው የብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ ተሠርቶ በአውሮፕላን ወደ ፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተወሰደና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተሰጠ። ኤፍዲጂ የሚባለው እሱ ነው። በአውሮፕላን መጓዙ ለጌጥ አልነበረም፤ ያ ፍሎሪን በ110 ደቂቃ ግማሹ ያልቃል። ዛሬ በዓለም ላይ «ፔት ስካን ተነሣሁ» የሚል የካንሰር ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ የተነሣው በኤፍዲጂ ነው። ለሳንባ፣ ለሊምፎማ፣ ለብዙ ካንሰሮች ድንቅ ነው።

ለፕሮስቴት ግን መጀመሪያ ላይ ደካማ ነው። አንደኛው ሰበብ ተራ ነገር ነው፤ ኤፍዲጂ በሽንት ስለሚወጣ ፕሮስቴት አጠገብ ያለው ፊኛ በደማቁ በርቶ ጎረቤቱን ይሸፍናል። ዋናው ሰበብ ግን የፕሮስቴት አመል ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንድንቆይ ፍቀዱልኝ፣ እኔ ከዚህ ትምህርት ሁሉ የምወደው ይህን ክፍል ነው።

በሰውነታችን ያሉ ሕዋሳት ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ከምግብ የሚሠሩትን ሲትሬት ሚቶኮንድሪያ ውስጥ አቃጥለው ጉልበት ያደርጉታል። የፕሮስቴት ሕዋስ ግን አያቃጥለውም፤ አጠራቅሞ ከዘር ፈሳሽ ጋር ያወጣዋል። ይህን ለማድረግ ዚንክ ያከማቻል፤ ዚንኩ ሲትሬት የሚቃጠልበትን ኢንዛይም ይዘጋዋል። ይህን ምሥጢር ለአሥርት ዓመታት ተከታትለው የፈቱት በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሌስሊ ኮስቴሎና ሬንቲ ፍራንክሊን ናቸው። እንግዲህ ጤነኛው የፕሮስቴት ሕዋስ ጉልበቱን የሚያባክን ለጋስ ነው። ካንሰር ሲሆን ዚንኩን ይጥላል፤ ኢንዛይሙ ይከፈታል፤ ሲትሬቱን ለራሱ ማቃጠል ይጀምራል። ሌሎች ካንሰሮች ከቆጣቢነት ወደ አባካኝነት ሲሄዱ የፕሮስቴት ካንሰር በተቃራኒው ይሄዳል! ስለዚህ ገና ጀማሪ የፕሮስቴት ካንሰር ስኳር ለማግኘት አይጣደፍም፤ ኤፍዲጂም ብዙውን ጊዜ አያየውም። ስኳር የሚራበው ዘግይቶ፣ ሆርሞኑን መናቅ፣ ማለትም ያለ እሱ ማደግ ሲጀምር ነው።

ይህ ጠባይ በኤምአርአይ ሊታይ ይችላል። በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የጆን ኩርሃኔዊች ቡድን፣ በዚያው ተራ የኤምአርአይ ማሽን ውስጥ ፕሮስቴቱን በትናንሽ ኩቦች ከፋፍሎ በእያንዳንዱ ውስጥ ያለውን ኬሚካል የሚያነብበትን መንገድ አሳደገ። ስክሪኑ ላይ በየኩቡ አንድ ከፍ ዝቅ የሚል መስመር ይወጣል። በጤነኛው በኩል የሲትሬቱ ጫፍ ረጅም ሆኖ ቆሟል፤ የኮሊኑ አጭር ነው። ካንሰሩ ባለበት በኩል ሲትሬቱ ዝቅ ብሏል፣ ኮሊኑ አድጓል፤ የሕዋስ ሽፋን በብዛት ሲሠራ ኮሊን ይበዛልና። የሁለቱን ጥምርታ አስልቶ «እዚህ ጋ ነው» ማለት ይቻላል።

አሁን ለዚህ ሰው የሆርሞን መርፌ ስጡት። ሲትሬትን የሚያስመርተው ቴስቶስትሮን ስለሆነ ጤነኛውም ክፍል ሲትሬቱን ያጣል! ይህ ቡድን በ2001 እንዳሳተመው ሕክምናው በቆየ ቁጥር ሲትሬቱ ቀድሞ ይጠፋል፤ ኮሊንና ሌሎቹ በየተራ ይከተላሉ። በሕክምና ላይ ያለን ፕሮስቴት በድሮው ጥምርታ የሚያነብ ሰው ጤነኛውን ካንሰር ነው ሊለው ይችላል። ግን መስመሩ ላይ አንድም ጫፍ ሳይቀር ጸጥ ካለ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው፤ ሕዋሱ መብላትም ማምረትም አቁሟል ማለት ነው። ሲትሬት ሳይኖር ኮሊን ብቻውን ቆሞ ከቀረ ደግሞ እዚያ ኩብ ውስጥ የሚኖር አለ። አነባበቡ ከሕክምናው በፊት አንድ፣ ከሕክምናው በኋላ ሌላ ነው። ማሽኑ ይህን አያውቅም፤ ሰው ሊነግረው ይገባል።

ከዚያ የመጣው ነገር በእኔ እይታ ከሁሉም የሚያስደንቅ ነው። በ2003 በስዊድን ማልሞ ሲሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች፣ ካርቦን 13 ያለበትን ሞለኪውል የኤምአርአይ ድምፅ ከ10,000 ጊዜ በላይ የሚያጎሉበትን ዘዴ አሳተሙ። ለፕሮስቴት የተመረጠው ሞለኪውል ፓይሩቬት ነው፤ ግሉኮስ ሲሰበር የሚገኝ፣ ሰውነት ሁሌም የሚያውቀው ነገር። ጨረር የለውም።

የአሠራሩን ሩጫ ላሳያችሁ። ፓይሩቬቱ ጠንካራ ማግኔት ውስጥ ከፍፁም ዜሮ በላይ 1 ዲግሪ ገደማ ድረስ ይቀዘቅዛል፤ ከኅዋ የበለጠ ብርድ ነው። በማይክሮዌቭ እየተመታ ለሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል። ሰውየው ቀጥሎ ባለው ክፍል ኤምአርአዩ ውስጥ ተኝቷል፣ ክንዱ ላይ መርፌው ተተክሏል። ከዚያ በጋለ ውኃ በቅጽበት ይሟሟል። ከዚህች ሰከንድ ጀምሮ ያ ጉልህ ድምፅ እየሞተ ነው፤ በአንድ ደቂቃ ከግማሹ በላይ ይጠፋል። ፋርማሲስቱ አሲድነቱን፣ ሙቀቱን፣ በመድኃኒቱ ውስጥ የቀረ ባዕድ ነገር አለመኖሩን ይፈትሻል፤ «እለፍ» ይላል፤ መርፌው ወደ ክፍሉ ይሮጣል፤ ደም ሥር ውስጥ ይገባል። ማሽኑ በየጥቂት ሰከንዱ ፓይሩቬቱ ወደ ላክቴት ሲለወጥ ያነሣል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉም አልቋል። ዳግመኛ ልነሣ ቢባል አይቻልም፤ እንደ አዲስ ማቀዝቀዝ ነው። በ2013 በሳን ፍራንሲስኮ 31 የፕሮስቴት ካንሰር ያለባቸው ወንዶች በዚህ መንገድ ሲነሡ፣ በናሙና ካንሰር መሆኑ በተረጋገጠበት ቦታ ላክቴቱ ከፍ ብሎ ታየ። በሰው ላይ የመጀመሪያው ይኸ ነበር።

የሆርሞን ሕክምናውን የሚመለከተው በ2017 ታተመ። እዚያው ሆስፒታል የአንድ ሰው ዕጢ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ተነሣ፤ ከ6 ሳምንት በኋላ ደግሞ ዳግመኛ ተነሣ። በተለመደው የኤምአርአይ ምስል የዕጢው መጠን በጥቂቱ ብቻ ቀንሷል። በላክቴቱ ምስል ግን የነበረው ድምቀት ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ሰውየው ቆይቶ ለሕክምናው በደንብ ምላሽ ሰጠ። አንድ ሰው መሆኑን አትርሱ፤ በአንድ ሰው መድኃኒት አይመረጥም። ቢሆንም ያሳየው ነገር ግልጽ ነው፤ ቅርፁ ገና ሳይለወጥ አመጋገቡ ተለውጧል። ዘዴው ዛሬም በዓለም ላይ በጣት በሚቆጠሩ የምርምር ማዕከሎች ያለ ነው፤ ማሽኑ ውድ፣ ባለሙያው ጥቂት፣ ጊዜው ደቂቃ ነው። በቅርብ ዓመታት በየሆስፒታሉ ይገባል ብዬ አልጠብቅም።

በየሆስፒታሉ እየገባ ያለው ሌላ ነው፤ የፒኤስኤምኤ ፔት ስካን። ስሙ ከፒኤስኤ ጋር ስለሚመሳሰል ሰው ያምታታቸዋል፤ ዝምድና የላቸውም። ፒኤስኤምኤ በካንሰሩ ሕዋስ ሽፋን ላይ የቆመ ኢንዛይም ነው። እሱን ፈልጎ የሚጣበቅ ሞለኪውል ላይ ጋሊየም ወይም ፍሎሪን ይለጠፍና ለሰውየው ይሰጣል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የመጀመሪያውን በታኅሣሥ 2020 ፈቀደ። ከዚያ በፊት በ2012 የተፈቀደ የኮሊን ፔት ነበር፤ አሁን ፒኤስኤምኤው እያስረሳው ነው። በ2020 ከአውስትራሊያ የወጣ ጥናት፣ ካንሰሩ ይሰራጫል ተብሎ በሚፈራባቸው ወንዶች ላይ የፒኤስኤምኤ ፔት ስርጭቱን 92 በመቶ በትክክል እንደለየ፣ ሲቲና የአጥንት ስካን አንድ ላይ ግን 65 በመቶ እንደሆኑ አሳየ። ይህ ፍለጋ ላይ ነው፤ በፍለጋ ማንም አይደርስበትም።

ክትትል ላይ ግን ያው የድሮው ወጥመድ ይጠብቀናል። የፒኤስኤምኤ ጂን ከፒኤስኤ በተቃራኒ ነው የሚሄደው፤ የወንዴ ሆርሞን ያፍነዋል። ሆርሞኑን ስትዘጉት በተለይ ቀድሞውኑ ሆርሞን መናቅ በጀመረ ካንሰር ላይ፣ ሕዋሱ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ብዙ ፒኤስኤምኤ ሊያወጣ ይችላል። ምስሉ ይደምቃል፤ መድኃኒቱ ግን እየሠራ ይሆናል። ለሆርሞኑ ገና በሚታዘዝ ካንሰር ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይደበዝዛል፤ ሕክምናው ከቆየ ነጥቦቹ ሊጠፉም ይችላሉ፤ ጠፉ ማለት ግን ሞቱ ማለት አይደለም። ስለዚህ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ተመርምሮ ስርጭቱ እንዲታወቅ ከተፈለገ ስካኑ ከመርፌው በፊት ቢነሣ ይመረጣል። መርፌ ከጀመረ በኋላ ከተነሣ ሪፖርቱ ላይ የመርፌው ቀን ይጻፍ። ቀኑን የማያውቅ ራዲዮሎጂስት የሚያነበው ግማሹን ነው።

አሁን ቅድም ደካማ ያልነው ኤፍዲጂ ተመልሶ ይመጣል። ካንሰሩ ሆርሞን ሲንቅና ሲከፋ ስኳር መፈለግ ይጀምራል፤ ፒኤስኤምኤውንም ሊጥል ይችላል። በፒኤስኤምኤ የማይታይ በኤፍዲጂ ግን የሚያበራ ዕጢ ክፉ ምልክት ነው። በ2021 የታተመው ቴራፒ የተባለው የአውስትራሊያ ጥናት 200 ወንዶችን ሲያሳትፍ ሁሉንም በሁለቱም ስካን አይቶ፣ ሁለቱ የማይስማሙባቸውን ሰዎች አስቀርቷል። እኔ ጥንቃቄያቸውን አደንቃለሁ፤ አንዱ ስካን የማያየውን ሌላው እንዲያይላቸው አድርገዋል።

ስኳሩን በተመለከተ አንዲት ነገር ጣል ላድርግ። የሆርሞን ሕክምና የሰውየውንም የሰውነት አሠራር ይለውጣል፤ ስብ ይጨምራል፣ ጡንቻ ይቀንሳል፣ ኢንሱሊን ይደክማል፣ ስኳር በሽታ የሚይዛቸውም አሉ። ደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ ከኤፍዲጂው ጋር ይሻማል፤ ምስሉም ይደበዝዛል። ለዚህ ነው ከስካኑ በፊት 6 ሰዓት ያህል ጹሙ የሚባለው። ሁዳዴን ለሚጾም ሰው ይህ ምኑም አይደለም፤ ስኳር በሽታ ያለበት ግን መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስድ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ሌላ አንድ ምስል አለ፤ ወንዴውን ሆርሞን ራሱን ፍሎሪን ለጥፈውበት ተቀባዩ የት እንዳለ የሚያሳይ። በ2010 በታተመው የኤንዛሉታማይድ የመጀመሪያ ሙከራ 22 ወንዶች በዚህ ተነሥተው፣ መድኃኒቱ የተቀባዩን ቦታ እንደያዘ ታየ። ይህ መድኃኒቱ ቤቱ ድረስ መግባቱን ያረጋግጣል። ዕጢው መሞቱን አያረጋግጥም፤ ተቀባዩ ተይዞም በሌላ መንገድ የሚኖር ሕዋስ አለ።

ወደ እኛ ልምጣ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ፔት ለመነሣት ወደ ሕንድ፣ ወደ ቱርክ ወይም ወደ ባንኮክ የሚሄድ ሰው አለ፤ አሜሪካ ያለ ልጁ ጋ ሄዶ የሚታከምም አለ። ሕክምናው በሁለት አገር ሲከፋፈል ምስሉም ይከፋፈላል። እናንተ ልጆችና የልጅ ልጆች ልትረዱ የምትችሉት እዚህ ላይ ነው። ሪፖርቱን ወረቀት ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ፤ ሲዲውን ተቀበሉ። «ፔት ስካን» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግርም፤ ኤፍዲጂ ነው ወይስ ፒኤስኤምኤ? ጋሊየም ነው ወይስ ፍሎሪን? ዘንድሮ በፒኤስኤምኤ የተነሣን አምና በኤፍዲጂ ከተነሣው ጋር አነጻጽሮ «ጨመረ፣ ቀነሰ» ማለት አይቻልም። ክትትል ከሆነ በተቻለ መጠን በዚያው ዓይነት፣ በዚያው ማሽን ይሁን። መርፌው የተጀመረበትና የመጨረሻው የተወጋበት ቀን በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ መርፌው ያለፈ ጊዜ ካለ እሱም ይጻፍ። መርፌ ዘግይቶ ቴስቶስትሮን ተነሥቶ ፒኤስኤ ሲወጣ «ካንሰሩ መድኃኒቱን ለመደ» ተብሎ ወደ ውድ እንክብል የተዛወረ ሰው አይቻለሁ።

ስለዚህም ፒኤስኤ ሲወጣ ከሁሉ በፊት የሚለካው ቴስቶስትሮን ነው። ምርመራው ከፔት ስካን ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው፤ ብዙ ቦታም ይገኛል። ከ50 በታች ከሆነና ፒኤስኤው እየወጣ ከሆነ ካንሰሩ በእርግጥ ሆርሞኑን ንቋል። ከ50 በላይ ከሆነ ጥፋቱ የመርፌው ነው፤ መርፌው በጊዜው ይወጋ ወይም የዘር ፍሬውን ስለማውጣት ይነጋገሩ። የቀዶ ሕክምናውን ስም መስማት የማይወድ ወንድ ብዙ ነው፤ ይገባኛል። ግን አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ፣ መርፌ የማይረሳበት፣ ጉምሩክ የማያዘገየው መንገድ እሱ ነው፤ ሀጊንስ የጀመረበትም እሱ ነው።

ፔት በሌለበት ቦታ ያለ ሐኪም ባዶ እጁን አይደለም። ፒኤስኤ፣ ቴስቶስትሮን፣ ደም ውስጥ የሚለካው አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባል ኢንዛይም፣ የሰውየው ክብደት፣ ሌሊት የሚቀሰቅሰው የጀርባ ሕመም፣ እግሩ መድከም አለመድከሙ፤ እነዚህን አንድ ላይ የሚያነብ ሰው አንድ ደማቅ ምስል ብቻ ይዞ ከተቀመጠው ይበልጣል። በተለይ እግሩ መድከም ከጀመረ ምስል የሚጠበቅበት ጊዜ አይደለም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይግባ።

አሁን የሚሠራበት ሕግ ምን ይላል ለምትሉ፦ በሆርሞን ሕክምና ላይ ያለን ሰው መድኃኒት ለመለወጥ ሐኪሞች የሚደገፉት በፒኤስኤ አካሄድ፣ በሲቲና በአጥንት ስካን፣ በሰውየውም ስሜት ነው። የሜታቦሊዝም ምስል እስከዚህ ድረስ ከደመቀ መድኃኒቱ ይቀየር የሚባልበት፣ ሁሉም የተስማማበት ልክ ገና አልተቆረጠም። ስለዚህ አንድ የፒኤስኤምኤ ስካን ደምቋል ተብሎ፣ ፒኤስኤው እየወረደና ሰውየው እየበረታ ሳለ መድኃኒቱን ለውጡ የሚላችሁ ካለ መርፌው መቼ እንደተጀመረ ጠይቁትና፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፒኤስኤውና ምስሉ ዳግመኛ አብረው እንዲታዩ ለምኑት።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ማይክሮፎኑ ከኋላ ይጀምራል።